አሥራ ሁለት ደቂቃ ለመቶ ሃያ ስምንት ጎማ

መስከረም 14

ለተወደዱ ጋሼ፣

«ለመሆኑ ይሄ ሁሉ ትምህርት ለምን ይጠቅማል?» ይህን ያልጠየቀኝ ሰው የለም። ሻንጣዬን ስቆልፍ እናቴ ጠየቀችኝ። ፓስፖርቴ ላይ ማኅተም ያደረገው ሰውዬ ጠየቀኝ። እርስዎም ሊሸኙኝ መጥተው ባቡሩ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ በኩል ጮኸው ጠየቁኝ። ያኔ የባቡሩ ጩኸት ረዳኝና ያልሰማ ሰው መሰልኩ። ሰላምታ ሳላስቀድም በጥያቄ መጀመሬን ይቅር ይበሉኝ፤ ነገሩ ሲከነክነኝ ከርሞ ነው። አሁን ወደ ሥርዓቱ ልመለስ። እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እትዬስ ደኅና ናቸው? እኔ ከብርዱና ከሰው ዝምታ በቀር ምንም አልጎደለብኝም።

ማስተርሴን ጨርሼ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሆኜ ተቀጥሬአለሁ። የምሠራው ምድር ቤት ውስጥ፣ መስኮት በሌለው ክፍል ነው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳጥን አለ። ሳጥኑ በየተራ አንዳንድ የብርሃን ቅንጣት ይተፋል። ቅንጣቷ ከሁለት ዓይነት አንዷ ናት፤ የእኛ ሥራ የትኛዋ እንደሆነች መናገር ነው። ሁለቱ ዓይነቶች ፍጹም ቢለያዩ ሕፃን ልጅም ይለያቸው ነበር። ግን ይደራረባሉ፤ አንደኛዋ በከፊል ሁለተኛዋን ትመስላለች። የባሰው ደግሞ አንዴ ካየናት ያቺ ቅንጣት መለወጧ ነው። ተመልሶ ማየት የለም። ይህ ኳንተም የሚባለው የጥቃቅን ነገሮች ዓለም ጠባይ ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው በዓለም ላይ የመጨረሻውን ምርጥ መሣሪያ ቢሠራ እንኳ መሳሳቱ አይቀርም። ስህተቱ ከዚህ በታች አይወርድም የሚባል ወለል አለው። የኔ ሥራ ያ ወለል የት ላይ እንደሆነ ማስላት ነው። በመጽሐፍ ስሙ የመላምት ፍተሻ ይባላል፤ ሁለት ግምት ይዞ በትንሽ ማስረጃ አንዱን መምረጥ ማለት ነው።

ለምን ይጠቅማል ላሉኝ ግን እስካሁን የረባ መልስ የለኝም። ስልክ እንደማይወዱ አውቃለሁ። እርስዎ መልስ ካገኙለት ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ፣ የአክስት ልጅዎ ልጅ

ጥቅምት 9

ለልጄ ለዶክተሩ፣

ገና ዶክተር አልሆንኩም እንደምትል አውቃለሁ። እኔ አፌን ላለማምድ ብዬ ነው። እግርህ የረገጠው መሬት ይለስልስልህ፣ ክፉ ዓይን አይይህ። እኛ ሁላችን ደኅና ነን። ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል፤ ከዚያ በቀር ጤነኛ ነኝ። ስልኩን የማልወደው ለምን መሰለህ? የሰው ድምፅ በስልክ ሲመጣ ሁሉም የታመመ ይመስለኛል።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ለብቻዬ፣ ቀጥሎ ለእትዬህ፣ በመጨረሻ ሥራ ቦታ ለፍሬነኛው። ፍሬነኛውን ታስታውሰዋለህ፤ መጨረሻው ፉርጎ ላይ ቆሞ ፍሬን እየያዘ የሚሄደው፣ ሲስቅ ድዱ ሁሉ የሚታየው፣ ሃያ ዓመት ጓደኛዬ። ሰማኝና፣ ይሄ ልጅ ያንተን ሥራ ለመማር ነው እንዴ ባሕር የተሻገረው፣ እዚሁ መዶሻ ብትሰጠው አይበቃም ነበር ወይ ብሎ አሳቀኝ። ቀልዱን ትቼ ሳስበው ልክ ነው።

ሥራዬን ስታይ ያደግክ ብትሆንም በደንብ ነግሬህ አላውቅም። ባቡር ሲቆም እጀታው ረጅም የሆነውን መዶሻ ይዤ በሐዲዱ ዳር እሄዳለሁ፤ እያንዳንዱን የብረት ጎማ እመታለሁ፤ አዳምጣለሁ። ጤነኛ ጎማ ጥርት ብሎ ይዘምራል፣ ድምፁም ቶሎ አይሞትም። የተሰነጠቀው ደፈን ይላል። እንዲህ ብቻ ቢሆን ማንም ይሠራው ነበር። ግን ጭቃ የያዘ፣ ቅባት የጠጣ ጎማ ጤነኛ ሆኖ ይደፍናል። ስንጥቁ ገና የፀጉር ያህል የሆነው ደግሞ ታሞ ይዘምራል። ያንተ ቅንጣቶች ይደራረባሉ ያልከው ይህን ከሆነ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ገብቶኛል።

ከተጠራጠርኩ ጎማው ላይ በጠመኔ አሰምራለሁ። ያሰመርኩበት ፉርጎ ተፈትቶ ወርክሾፕ ይገባል፤ ጭነቱ ይራገፋል፤ ባቡሩ ይዘገያል። ባለፉት ሁለት ዓመታት አርባ አንድ ጎማ ላይ አሰመርኩ። ወርክሾፑ አራቱን ተሰንጥቀው አገኛቸው። ሠላሳ ሰባቱ ጤነኛ ነበሩ። የጣቢያው አለቃ በሠራተኛ ሁሉ ፊት፣ ጆሮህን አስመርምር አለኝ። «ጆሮው» ብለው ስም ያወጡልኝ ሰዎች ናቸው ያን ቀን የሳቁት። ቀጥሎ ደግሞ ባቡሩ ጣቢያ የሚቆምበትን ሃያ አምስት ደቂቃ ወደ አሥራ ሁለት አወረዱት። አሥራ ስድስት ፉርጎ ነው፤ በእያንዳንዱ ስምንት ጎማ። ድሮ አንዱን ጎማ ሦስት ጊዜ እመታው ነበር። አሁን አንዴ መትቼ እሮጣለሁ።

ይህን የምጽፈው ላንተ ብቻ ነው፤ እትዬህም አታውቀው። ከክረምቱ ወዲህ ድምፁ አፍ አውጥቶ ካልጮኸብኝ በቀር ጠመኔዬን ከኪሴ አላወጣም። የሚያጠራጥረውን አሳልፈዋለሁ። ባቡሩ ደኅና ገባ የሚል መልእክት እስኪመጣ ግን ከጣቢያው አልወጣም። እናንተ እዚያ የሚያጠራጥራችሁን ምን ታደርጉታላችሁ?

ጋሼህ

ጥቅምት 30

ለተከበሩ ጋሼ፣

ጤና፣ ሰላም፣ ያልተቸኮለ ቀን ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ምሳ ሰዓት ላይ ነበር፤ ምሳዬን ሳልበላ ቀረሁ።

እርስዎ በመዶሻ የደረሱበትን እኛ በሒሳብ ነው የምንደርስበት። ሁለት ዓይነት ስህተት አለ። አንዱ ጤነኛውን ታሟል ማለት፣ ሌላው የታመመውን ጤነኛ ነው ማለት ነው። በመካከላቸው መስመር ይሰመራል። መስመሩን ወደዚህ ከገፉት የመጀመሪያው ስህተት ያንሳል፣ ሁለተኛው ይበዛል። ወደዚያ ከገፉት ደግሞ በተቃራኒው። ሁለቱን ባንዴ ማጥፋት በእርስዎም ጆሮ በኛም መሣሪያ አይቻልም። ድሮ ሠላሳ ሰባት ጤነኛ ጎማ ላይ ያሰመሩት ጆሮዎ ስለደከመ አይደለም። መስመርዎ ለተሳፋሪው ያደላ ስለነበር ነው!

ስህተቱን ከወለሉ በታች የሚያወርደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደግሞ መሞከር። የኔ ቅንጣት አንዴ ከታየች አለቀች፤ ሳጥኑ ተመሳሳይ ሌላ እንዲሰጠኝ መጠበቅ አለብኝ። የእርስዎ ጎማ ግን ተመልሶ ይመታል። ትንሽ አሰላሁ። አንዴ ሲመቱ ከመቶ አሥር ጊዜ ይሳሳታሉ እንበል። ሦስት ጊዜ መትተው በብዙኃኑ ቢፈርዱ ከመቶ አሥር የነበረው ስህተትዎ ወደ ሦስት ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ የጣቢያው አለቃ የቀነሰው ደቂቃ አይደለም፤ የቀነሰው ጆሮዎን ነው።

ይህን ሐሙስ ዕለት ለምርምር ቡድኑ አቀረብኩት። ስምዎን አልጠቀስኩም፤ «አንድ የባቡር ፈታሽ» ብቻ ነው ያልኩት። አጨበጨቡ። አማካሪዬ ከሁለት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ማስታወሻ ስትይዝ አየኋት። ለምን ይጠቅማል ለሚለው ጥያቄ መልሱ እጄ ላይ የገባ መስሎኛል። እስቲ የሚከተለውን ይጻፉልኝ፤ ለአንድ ጎማ ስንት ሴኮንድ ይደርስዎታል? የሚያጠራጥርዎ በቀን ስንት ነው? ከተቻለ በደብተር ይመዝግቡልኝ፤ ለጥናቴ ትልቅ ነገር ነው።

አክባሪዎ

ታኅሣሥ 2

ልጄ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ደብተሩን አልያዝኩልህም። በኅዳር አጋማሽ ከጣቢያችን የወጣው ባቡር ከወንዙ በፊት ባለው መታጠፊያ ላይ ከሐዲድ ወጣ። መጨረሻው ፉርጎ ነው። ጎማው ለሁለት ተከፍሎ ተገኘ። ጭነት ብቻ ስለነበር ሌላ ሰው አልተጎዳም፤ ፍሬነኛው ግን ግራ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ።

ሆስፒታል ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ መግባት አቃተኝ። ያየኝ እሱ ነው። ና ግባ፣ አንድ ጫማ ቀንሼ ቆጣቢ ሆኛለሁ አለኝ። ሚስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ያ ጎማ ዘፍኖልህ ይሆናል፣ ታሞ የሚዘፍን አለ ብለህ አልነበር ወይ አለኝ። ለሚስቱም እንዲህ ብሎ እንደማለላት ነገረኝ። እሱ ያጽናናኝ ነበር እንጂ እኔ አላጽናናሁትም።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል። የጣቢያው አለቃም አባል ነው፤ ደቂቃውን የቀነሰው ሰው ማለቴ ነው። ከሥራ ታግጄ ቤት ተቀምጫለሁ። ከቀትር በኋላ ባቡሩ ሲመጣ ድምፁ እዚህ ድረስ ይሰማል፤ እጄ መዶሻውን ይፈልገዋል።

አንድ ነገር ልለምንህ። የተማረ ሰው፣ ያውም ከውጭ፣ የጻፈው ነገር ይደመጣል። ለኮሚቴው ደብዳቤ ጻፍልኝ። ረጅም አይሁን። አሥራ ሁለት ደቂቃ ለመቶ ሃያ ስምንት ጎማ እንደማይበቃ፣ ማንም ጆሮ ቢሆን በአንድ ምት እንደማይለይ በሁለት መስመር አስረዳልኝ። ሁለት መስመር ብቻ። ስትጽፍልኝ ለፍሬነኛውም አነብለታለሁ።

ጋሼህ

ታኅሣሥ 21

ለተከበሩ ጋሼ፣

እግዜር ያጽናዎ። ደብዳቤዎን ካነበብኩ ጀምሮ ሌላ ሥራ አልሠራሁም። የፍሬነኛው ነገር አንጀቴን በላው።

ሁለት መስመር ያሉትን ግን አልተቀበልኩም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሁለት መስመር የዘመድ ወሬ ይመስላል። ኮሚቴው ውስጥ መሐንዲስ ይኖራል፤ ይህ ልጅ ለአጎቱ አድልቶ ጻፈ ብሎ ይጥለዋል። ስለዚህ ሰባት ገጽ አድርጌ ጻፍኩት፤ የዩኒቨርሲቲውን ማኅተም አስመትቼ በቀጥታ ለኮሚቴው በአደራ ፖስታ ላክሁት። ግልባጩን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

የጻፍኩት እኛ ጋ እንደሚጻፈው ነው። ጠቅላላው ሕግ ይቀድማል፤ የመጀመሪያው ገጽ ስለ ሁለቱ ስህተቶች ነው። ሁለተኛው ገጽ ምሳሌ ነው። ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው የሒሳብ ማረጋገጫ። የደቂቃው ጉዳይ በቁጥር ተሰልቶ ስድስተኛው ገጽ ላይ አለ። ማንም ሊያፈርሰው አይችልም፤ ስሌቱን አማካሪዬ ሁለት ጊዜ አርማዋለች።

ምሳሌው ከሕይወት ቢወሰድ ኃይል ይኖረዋል ብዬ ከጥቅምቱ ደብዳቤዎ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ቃል በቃል ገልብጫለሁ። ስለ አርባ አንዱ ጎማና ከክረምቱ ወዲህ ስላደረጉት ለውጥ ያለውን ማለቴ ነው። ሐቀኛ ሰው መሆንዎን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም። ደግሞም ቁጥሩ ከሕጉ ጋር በጣም ይገጥማል።

አይስጉ ጋሼ። ይህን አንብቦ የሚፈርድብዎ ሰው አይኖርም። ውሳኔውን ሲሰሙ ባፋጣኝ ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ

የካቲት 6

ይድረስ ለተመራማሪው፣

ጤና ይስጥልኝ። ውሳኔውን እንድጽፍልዎ ጠይቀው ነበር።

የተሰበሰብነው በሠራተኛ ማሠልጠኛው ክፍል ነው፤ ክንዳቸው ላይ መጻፊያ ጣውላ ያላቸው ወንበሮች ያሉበት። ሰብሳቢዋ የሕግ ባለሙያ ናቸው። ትሑት ሴት ናቸው፤ ውሃ አስመጡልኝ። ፍሬነኛው በክራንች መጥቶ ከኔ ጎን ተቀመጠ። ከሌሎቹ ጎን ባዶ ወንበር ነበረ፤ አይቶ ነው ያለፈው።

ሰብሳቢዋ የእርስዎን ወረቀት አወጡ። ማኅተሙን ለሁሉም አሳዩ። ከዚያ ከመጀመሪያው ገጽ አነበቡ።

«ፈታሹ ሁለቱንም ስህተት ማጥፋት አይችልም፤ የትኛውን ስህተት እንደሚያበዛ ግን እሱ ይመርጣል።» ቀና ብለው አዩኝ። «ይሄን የጻፈው ዘመድዎ ነው?»

ነው አልኩ።

«እንግዲህ ይንገሩን፤ እርስዎ የትኛውን መረጡ?»

ምን ልበል? ጥያቄው ትክክል ነው። ሰብሳቢዋ ሁለተኛውን ገጽ ገለጡ። «ከክረምቱ ወዲህ ድምፁ አፍ አውጥቶ ካልጮኸብኝ በቀር ጠመኔዬን ከኪሴ አላወጣም። የሚያጠራጥረውን አሳልፈዋለሁ።» ቀስ ብለው ነበር ያነበቡት፣ ሰው ለልጁ እንደሚያነብ። የራሴን ቃል በሰው አፍ ስሰማው የሌላ ሰው መሰለኝ። የጣቢያው አለቃ አንገቱን ደፍቶ ጠረጴዛውን ያይ ነበር። እየሳቀ እንደሆነ አላውቅም፤ አልፈርድበትም።

ሰዓት፣ ሰዓት አልኩ። ሦስት ጊዜ አልኩ። ሰብሳቢዋ ወረቀቱን እስከ ስድስተኛው ገጽ ገለጡት፤ ቁጥሩን አዩና፣ ቀሪው ስሌት ነው ብለው ለመሐንዲሱ አቀበሉት። መሐንዲሱም ከፋይሉ ጋር አሰረው። ውሳኔው በሁለተኛው ቀን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። መሥፈርቱን በገዛ ፈቃዱ የለወጠ ፈታሽ ተብዬ ተሰናበትኩ። ይግባኝ እስከ ግንቦት 4 ድረስ ይቻላል ይላል።

ስለ ሥራው አይደለም የምጽፍልዎ። ከክፍሉ ስንወጣ ለፍሬነኛው በር ልይዝለት ሄድኩ። ክራንቹን በሩ ላይ አስደግፎ ቆመ።

«ሳይሰማው ነው ያሳለፈው ብዬ ለሚስቴ ስምል ነበር የከረምኩት» አለኝ። «ለካ ሰምተህ ነው ያሳለፍከኝ።»

በሩን ራሱ ከፍቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሚስቱ ነች የመለሰችኝ። እሱ በሕይወቴ ውስጥ ከመዶሻው ቀጥሎ የማምነው ነገር ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ይወቁት፤ ለጥናትዎ ይጠቅም ይሆናል። ያን ቀን ያን ጎማ ስመታው ምን እንደሰማሁ አላውቅም። መጀመሪያ ሲጠይቁኝ ጥርት ያለ ድምፅ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ሲጠይቁኝ ትንሽ ደፈን አለብኝ። ኮሚቴው ፊት ስቀርብ ጭራሽ የተሰነጠቀ ሆኖ ተሰማኝ። በጠየቁኝ ቁጥር ይለወጣል። አሁን እውነተኛው የቱ እንደነበር ራሴም መለየት አልችልም። ምናልባት ሰምቼው ነበር። ምናልባት ፍሬነኛው ልክ ነው። አንዴ ካዩት በኋላ ተመልሶ ማየት የለም ያሉት ይህን ከሆነ ገብቶኛል።

የጠየቅሁት ሁለት መስመር ነበር።

የቀድሞው ፈታሽ

የካቲት 22

ጋሼ፣

እርስዎ «እርስዎ» ሲሉኝ ደብዳቤውን የሌላ ሰው ነው ብዬ ወደ ፖስታው መልሼው ነበር። አድራሻውን ደግሜ አየሁ። የኔው ነው።

ኮሚቴዎቹ ያነበቡት አጣመው ነው። ሕጉ ፈታሹ ይመርጣል ሲል ጥፋተኛ ነው ማለቱ አይደለም፤ ማንም ቢሆን ከመምረጥ አያመልጥም ማለቱ ነው። ስድስተኛውን ገጽ ቢያነቡት ኖሮ ሁሉም ይገባቸው ነበር። በስሌቱ ውስጥ ምንም ስህተት የለም፤ ደግሜ አየሁት። መሐንዲሱ እንዴት ዝም እንዳለ አልገባኝም። ሰብሳቢዋ መጠየቅ የነበረባቸው አለቃውን ነው። እባክዎ ቶሎ ይጻፉልኝና ይግባኙን አብረን እናዘጋጅ፤ አሁን የተሻለ አድርጌ እጽፈዋለሁ።

አክባሪዎ

መጋቢት 29

ለጋሼ፣

ከየካቲት ወዲህ ምንም አልጻፉልኝም። ስልክ ደወልኩ፤ እትዬ አነሡት። ጋሼ አሉ ወይ ስል የሉም አሉ። ከኋላቸው ሬዲዮ ነበር፤ ሰው ቀነሰው። ደግሜ አልደወልኩም።

የየካቲት ሃያ ሁለቱን ደብዳቤዬን ግልባጭ አውጥቼ አነበብኩት። ካልደረሰዎት እሰየው። ከላይ እስከ ታች የሚከራከረው ለስሌቴ ነው። ፍሬነኛው የሚል ቃል አንድም ቦታ የለበትም።

ለአማካሪዬ የየካቲት ስድስቱን ደብዳቤዎን ተርጉሜ አነበብኩላት። ማረጋገጫው ትክክል እንደነበር ልትነግረኝ ነው ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን፣ አንተ ሰባቱን ገጽ ስትጽፍ የፈራኸው የትኛውን ስህተት ነው ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን ያገኘሁት አሁን ነው። ከፊቴ ሁለት ስህተት ነበር። አንዱ፣ ለዘመዱ አድልቶ ጻፈ መባል። ሌላው፣ ዘመዴን አሳልፎ መስጠት። የመጀመሪያውን ጨርሶ ማጥፋት ፈለግሁ። ማኅተም፣ ሰባት ገጽ፣ የእርስዎ የገዛ ቃል፤ ሁሉም ለዚያ ነው። መስመሩን ወደዚያ እስከ ጥግ ስገፋው ሁለተኛው ስህተት ምን ያህል እንደሚያድግ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ዲግሪዬ በእሱ ነው። አልታየኝም አልልዎትም። ለእርስዎ ስል ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ እንጂ፣ ያ ደብዳቤ ሲጻፍ ዓይኔ ፊት የነበረው መሐንዲሱ ነው፤ ገልጦ ሲያነብና ራሱን ሲነቀንቅ። እርስዎ «ላንተ ብቻ» ያሉትን ሳነብ ቃሉን አልፌው ቁጥሩን ነው ያነሣሁት።

አሁን አንድ ገጽ ጽፌአለሁ፤ ለይግባኝ ሰሚው። የሚለው ይህን ነው። በማስረጃነት የተነበቡት ዓረፍተ ነገሮች ያለ ጸሐፊያቸው ፈቃድ ከግል ደብዳቤ የወሰድኳቸው ናቸው፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ለአንድ ጎማ አሥራ ሁለት ሴኮንድ የነበረው ወደ አምስት ተኩል መውረዱን፣ ያወረደውም ፈታሹ አለመሆኑን ከጣቢያው መዝገብ ማየት ይቻላል። ከተጠራሁ በራሴ ወጪ መጥቼ ቃሌን እሰጣለሁ። ለፍሬነኛውም የተለየ ደብዳቤ አለኝ። እሱ ውስጥ ስለ ሕግም ስለ ስሌትም የለም። ያን ቀን ምን እንደሰሙ ራስዎም እንደማያውቁ የጻፉልኝን ልጠቅስለት እጄ ሄዶ ነበር። ተውኩት፤ የራስዎ ነው፣ እርስዎ ይንገሩት ወይም አይንገሩት።

ሁለቱም ወረቀቶች ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። ፖስታ ቤቱ ከዚህ አራት ሕንፃ ይርቃል። አላክሁም። የመጀመሪያውን ያለ ፈቃድዎ ልኬ ያደረስኩትን አይቻለሁና ይህን ያለ ፈቃድዎ አልልክም።

ዝምታዎ ግን ለኔ ሁለት ነገር ነው። ወይ ደብዳቤዬ ደርሶዎት፣ አንብበው፣ ከእንግዲህ ከዚህ ልጅ ምንም አልፈልግም ብለዋል። ወይ ደግሞ መንገድ ላይ ቀርቷል፣ እርስዎም እኔ ዝም ያልኩ መስሎዎት ተቀይመዋል። እዚህ ሆኜ ሳዳምጣቸው ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው። በየትኛውም ስሌት አልለያቸውም፣ ልገምትም አልፈልግም። ለግንቦት 4 አምስት ሳምንት ቀርቷል፤ የመልስ ደብዳቤ ሁለት ሳምንት ይበላል።

«ላክ» ካሉኝ በዚያው ቀን እልካለሁ። «ተወው» ካሉኝ እቀደዋለሁ፣ ለምን ብዬም አልጠይቅም። ፊቴን ማየት ባይፈልጉ፣ ሰላምታም ባይኖረው፣ አይሆንም ብለው እንኳ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ